ገቢ ከፍ ዝቅ ሲል የኦባማኬር ታክስ ክሬዲት ምን ይሆናል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሜሪካ ውስጥ የጤና ኢንሹራንሳቸውን በማርኬትፕሌስ (በኦባማኬር ሕግ በተቋቋመው የኢንሹራንስ ገበያ) ለሚገዙ፤ ሌላ ካልተባለ ቁጥሮቹ የ2026 ናቸው፣ ወሮቹና ዓመቶቹም በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር።

እጄ የገባ አምስት ሳንቲም የለም፤ «ትርፍ ወስደሃልና መልስ» የምባለው ከየት መጥቶ ነው?

ገንዘቡ በእጅዎ አላለፈም እንጂ ወጥቷል። በማርኬትፕሌስ ኢንሹራንስ ሲገዙ ማመልከቻው ላይ ቤተሰብዎ በዓመቱ ስንት እንደሚያገኝ ተጠይቀው ነበር። በዚያ ግምት መሠረት መንግሥት ከፕሪሚየሙ (ከኢንሹራንሱ ወርሃዊ ዋጋ) ላይ የተወሰነውን በየወሩ በቀጥታ ለኢንሹራንስ ኩባንያው ይከፍላል፤ ለእርስዎ የሚመጣው ቢል የተረፈው ብቻ ነው። ወርሃዊ ዋጋው 550 ዶላር የሆነ ኢንሹራንስ እርስዎን 130 ዶላር ብቻ ካስከፈለዎት፣ 420ውን መንግሥት ከፍሎልዎታል። ታክስ ክሬዲት የሚባለው ይኸው ነው።

ክፍያው ግን በግምት የተሰጠ ቅድሚያ ነው። ዓመቱ አልቆ ታክስ ሲሠሩ ግምቱና እውነተኛው ገቢ ይተያያሉ። ካሰቡት በላይ አግኝተው ከሆነ ልዩነቱን ይመልሳሉ፤ ካሰቡት በታች ከሆነ ልዩነቱ ለእርስዎ ይሰጣል። ከልጆቹ ቻይልድ ታክስ ክሬዲት ጋር አያምታቱት። እሱ አሁን በየወሩ የሚከፈል ቅድሚያ የለውም፤ ታክስ ሲሠራ አንዴ ይሰላል፣ አለቀ።

የማን የማን ገቢ ነው የሚደመረው?

እዚህ ላይ «ቤተሰብ» የሚባለው በአንድ ጣሪያ ሥር ያለው ሰው ሁሉ ሳይሆን በአንድ የታክስ ወረቀት ላይ የሚሰፍረው ሰው ነው፦ እርስዎ፣ አብራችሁ ታክስ የምትሞሉ ከሆነ የትዳር ጓደኛዎ፣ እንዲሁም ዲፔንደንት (በእርስዎ የሚተዳደሩ) ብለው የሚያስገቧቸው። ቤዝመንት የሚኖረው ወንድምዎ የራሱን ታክስ የሚሠራ ከሆነ በገቢውም በሰው ቁጥሩም አይገባም።

ኮሌጅ ያለችው ልጅ ቅዳሜና እሁድ ካፌ ብትሠራስ? የእሷ ገቢ የሚደመረው ታክስ የመሙላት ግዴታ የሚያመጣባት መጠን ላይ ከደረሰ ብቻ ነው። ደሞዝ ብቻ ለምታገኝ ዲፔንደንት ልጅ ይህ መጠን በ2026 ዓ.ም 16,100 ዶላር ነው። ከዚያ በታች ከሆነች ገቢዋን ማመልከቻው ላይ ደምሮ ራስን መጉዳት አያስፈልግም።

ግሮሱን ነው ወይስ ኔቱን የምሞላው?

ደሞዝተኛ ከሆኑ ከዳብሊው-ቱ (አሠሪው ከሚሰጥዎት የዓመት ደሞዝ ወረቀት) ላይ የመጀመሪያውን ሳጥን ይዩ። ለ401-ኬ (ለመሥሪያ ቤት የጡረታ ቁጠባ) የተቆረጠውና በመሥሪያ ቤት በኩል ለኢንሹራንስ ከታክስ በፊት የሄደው ከዚያ ላይ አስቀድሞ ወጥቷል። ባንክ የገባልዎትን ደሞዝ መደመር ስህተት ነው፤ እሱ ታክስ ከተቆረጠ በኋላ ያለው ነው።

ኡበር፣ ሊፍት ወይም ዴሊቨሪ ለሚሠራ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነውም እዚህ ጋ ነው። በጥር የሚመጣው 1099-ኬ ተሳፋሪው የከፈለውን ጠቅላላ ነው የሚያሳየው፤ ኩባንያው የወሰደው ኮሚሽን ሳይቀር በውስጡ አለ። ለምሳሌ ወረቀቱ 70,000 ቢል፣ ኮሚሽንና ክፍያዎች 18,000 ቢሆኑ፣ በዓመቱ ለሥራ የተነዳው 35,000 ማይል ቢሆን፦ በ2026 ዓ.ም ለአንድ ማይል የሚፈቀደው 72.5 ሳንቲም ስለሆነ 25,375 ዶላር ይቀነሳል። የሚቀረው 26,625 ነው። 70,000 ብሎ የሞላ ነጠላ ሰው ክሬዲት አይገባህም ተብሎ ሙሉ ፕሪሚየም ሲከፍል ይከርማል። ማይሉን ግን መዝግቦ መያዝ ግድ ነው፤ ማርች ላይ ተቀምጦ ከጭንቅላት የሚጻፍ ማይል አያዋጣም።

ገቢዬ ቢጨምር ክሬዲቱ በስንት ይቀንሳል?

ሕጉ «ከገቢህ ይህን ያህል በመቶ አንተ ክፈል፣ የቀረውን እኔ እከፍላለሁ» እንደማለት ነው። በመቶኛው ራሱ ግን ከገቢ ጋር ያድጋል፤ በ2026 ከ2.10 በመቶ ተነስቶ እስከ 9.96 በመቶ ይደርሳል። ስለዚህ የገቢ ጭማሪ በሁለት በኩል ይነካል፦ ገቢውም ያድጋል፣ የሚባዛበት በመቶኛም ያድጋል።

በቁጥር እንየው። አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ የሚኖሩ፣ ልጅ የሌላቸው ባልና ሚስት አሉ እንበል። እሱ ኡበር ይነዳል፣ እሷ ፓርኪንግ ውስጥ ካሸር ናት። ሲመዘገቡ ዓመታዊ ገቢያቸውን 45,000 ብለው ሞሉ። ለዘንድሮ ኢንሹራንስ የሚሠራበት የፌዴራል የድህነት መስመር ለሁለት ሰው 21,150 ዶላር ስለሆነ፣ 45,000 የመስመሩ 212 በመቶ ነው። በዚህ ደረጃ ከራሳቸው የሚጠበቀው 7.04 በመቶ፣ ማለትም በዓመት 3,168፣ በወር 264 ዶላር ነው። በአካባቢያቸው ካሉት ሲልቨር (መካከለኛ ደረጃ) ፕላኖች በርካሽነት ሁለተኛው ለሁለቱም በወር 1,100 ዶላር ቢሆን፣ መንግሥት በየወሩ 836 ዶላር ይከፍላል። (ብሮንዝም ገዙ ጎልድ፣ ስሌቱ በዚያ ሲልቨር ነው።)

ሚያዝያ ላይ እሷ ማታ ማታ ሆቴል ሁለተኛ ሥራ ጀመረች። የዓመቱ ገቢ 60,000 ሆነ፤ ይህ 283 በመቶ ነው። ድርሻቸው ወደ 9.44 በመቶ ወጣ፤ በዓመት 5,664፣ በወር 472 ዶላር። 15,000 ዶላር ጨምረው ከሠሩት ውስጥ 2,496ቱ በክሬዲት መቀነስ ሄደ፤ ከአንድ ዶላር ወደ 17 ሳንቲም ገደማ። ከመደበኛው ታክስ ውጪ ነው ይሄ። ሁለተኛው ሥራ ያዋጣል አያዋጣም የሚለውን ስታስቡ ይህችን መርሳት የለባችሁም።

ለውጡን መቼና የት ነው የማሳውቀው?

በ30 ቀን ውስጥ። ቴክሳስ የሚኖር በፌዴራሉ ሄልዝኬር ዶት ገቭ፤ ሜሪላንድ፣ ዲሲ፣ ቨርጂኒያ፣ ካሊፎርኒያ፣ ኮሎራዶ፣ ሚኒሶታ፣ ዋሽንግተንና ጆርጂያ ያሉት በየስቴታቸው ማርኬትፕሌስ። አካውንት ገብቶ የሕይወትና የገቢ ለውጥ ማሳወቂያ የሚለውን መጫን ነው። ስልክ የሚሻልዎት ከሆነ «አምሃሪክ» ብለው አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ አይከፈልበትም። ለኢንሹራንስ ኩባንያው ወይም ለአካውንታንትዎ መንገር ለማርኬትፕሌስ መንገር አይደለም።

አንድ የማያልቅ ስህተት አለ፦ አዲሱን ደሞዝ በ12 ማባዛት። የሚጠየቀው የዚህ ዓመት ድምር ነው። እስከ ሐምሌ ድረስ በወር 3,000 ሲያገኝ የነበረ ሰው ከነሐሴ ጀምሮ 5,000 የሚከፍል ሥራ ቢይዝ፣ ያለፈው ሰባት ወር 21,000 ነው፣ የሚቀረው አምስት ወር 25,000 ነው። የሚሞላው 46,000 እንጂ 60,000 አይደለም።

ባላሳውቅስ? ማን ያውቃል?

አይአርኤስ (የፌዴራሉ ታክስ ሰብሳቢ) ያውቃል፤ ያውም ፍለጋ ሳይወጣ። በጥር መጨረሻ ገደማ ማርኬትፕሌሱ 1095-ኤ የሚባል ወረቀት ይልካል፤ በየወሩ በስምዎ የተከፈለው በሙሉ እዚያ ላይ አለ፣ አንዱ ቅጂ አይአርኤስ ጋ ይደርሳል። ታክስ ሲሠራ በፎርም 8962 ሒሳቡ ይታረቃል። ይህን ፎርም ሳያያይዙ መላክ ሪፈንዱን ያስይዛል፤ ሳያስታርቁ መቅረት ደግሞ ለወደፊቱ የቅድሚያ ክፍያውን ያስቆርጣል።

ዘንድሮ የተለወጠውን ልብ በሉ። እስከ 2025 የታክስ ዓመት ድረስ፣ ገቢያቸው ከድህነት መስመሩ 400 በመቶ በታች ለሆነ ሰዎች የሚመለሰው ገንዘብ ጣሪያ ነበረው። ከላይ ያየናቸው ባልና ሚስት ታሪካቸው በ2025 ቢሆን ኖሮ ከ1,950 ዶላር በላይ አይጠየቁም ነበር። በ2025 ሐምሌ የወጣው ሕግ ጣሪያውን ከ2026 ጀምሮ አንስቶታል። አሁን ትርፍ የሄደው በሙሉ ይመለሳል፤ 2,496 ከሆነ 2,496። «አምና ትንሽ ነበር የከፈልኩት» ማለት ለዘንድሮ ዋስትና አይሆንም።

ከሪፈንድ ላይ ይቀነሳል፤ ሪፈንዱ ካልበቃ ዕዳ ይሆናል። በአንዴ መክፈል የማይችል ሰው ከአይአርኤስ ጋር በየወሩ ለመክፈል መስማማት ይችላል፤ ወለድ ግን አለው።

400 በመቶ ላይ አለ የሚባለው ገደል ምንድን ነው?

ከ2021 እስከ 2025 ድረስ ከ400 በመቶ በላይ የሚያገኝ ሰውም እርዳታ ነበረው፤ ማንም ከገቢው 8.5 በመቶ በላይ ለዚያ ሲልቨር ፕላን እንዳይከፍል ይደረግ ነበር። ያ ተጨማሪ በ2025 መጨረሻ ጊዜው አለቀ። በ2026 ሒሳብ የ400 በመቶው መስመር ለአንድ ሰው 62,600፣ ለሁለት 84,600፣ ለአራት 128,600 ዶላር ነው። ከዚያ አንድ ዶላር ቢያልፍ ክሬዲት የሚባል የለም።

አሌክሳንድሪያ ወዳሉት ባልና ሚስት እንመለስ። ዓመቱ በደንብ ሄደላቸውና 84,600 ላይ ቢጨርሱ 5,258 ዶላር ይመልሳሉ። ይህም ያማል። 85,000 ላይ ቢጨርሱ ግን የዓመቱን በሙሉ፣ 10,032 ዶላር ይመልሳሉ። 400 ዶላር ብልጫ 4,774 ዶላር አስወጣቻቸው ማለት ነው። ለገና ሳምንት አንድ ተጨማሪ ሺፍት በቂ ነው።

ሥራ አጣሁ፤ ገቢዬም ወረደ። አሁንስ?

በዚያው ሳምንት ያሳውቁ። ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛው፣ ክሬዲቱ ከፍ ብሎ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ቢልዎ ይቀንሳል። ሁለተኛው፣ ወደ ሜዲኬድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች መንግሥት ወደሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ) ይዛወራሉ። ግራ የሚያጋባው ሁለቱ ገቢን የሚያዩበት መንገድ መለያየቱ ነው፦ ታክስ ክሬዲት የዓመቱን ድምር ያያል፣ ሜዲኬድ ግን የአሁኑን ወር። እስከ ግንቦት ጥሩ ሲያገኝ የነበረ ሰው ሰኔ ላይ ባዶ ቢሆን፣ ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ከሆነ ለሜዲኬድ ሊበቃ ይችላል። የሥራ አጥ ክፍያ ግን እንደ ገቢ ይቆጠራል፤ እሱን መዝለል አይቻልም።

ቴክሳስና ጆርጂያ ላይ ነገሩ ይከፋል። እነዚህ ስቴቶች ሜዲኬድን በኦባማኬር መሠረት ለሁሉም ድሃ ጎልማሳ አላሰፉትም፤ ታክስ ክሬዲት ደግሞ የሚጀምረው ከድህነት መስመሩ 100 በመቶ ነው፤ ለአንድ ሰው 15,650 ዶላር። ከዚያ በታች የሚያገኝ ጤነኛ ጎልማሳ ከሁለቱም ሊወድቅ ይችላል። አንድ መጽናኛ አለ፦ ሲመዘገቡ በቅን ልቦና ከ100 በመቶ በላይ ብለው ገምተው ማርኬትፕሌሱም ተቀብሎት ቅድሚያው ከተከፈለ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ገቢው ከመስመሩ በታች መውረዱ ብቻውን የወሰዱትን አያስመልስም። ሆን ብሎ የተነፋ ግምትን ግን ይህ አያድንም።

መሥሪያ ቤቴ ኢንሹራንስ ልስጥህ አለኝ፤ የማርኬትፕሌሱን ማቆየት እችላለሁ?

ኢንሹራንሱን ማቆየት ይችላሉ፤ ክሬዲቱን ግን ላይችሉ ይችላሉ። የመሥሪያ ቤቱ ፕላን ለእርስዎ ብቻ የሚያስከፍልዎት ከቤተሰቡ ገቢ 9.96 በመቶ ካልበለጠና መሠረታዊ ሽፋኑን ካሟላ፣ ባይወስዱት እንኳ ክሬዲቱ ይቆማል። የሚያቆመው የቀረበልዎት መሆኑ ነው እንጂ መውሰድዎ አይደለም። ለባለቤትና ለልጆች ለብቻው ይሰላል፤ ከ2023 ወዲህ የቤተሰቡ ፕላን ውድ ከሆነ እነሱ በማርኬትፕሌስ ክሬዲታቸው ሊቀጥሉ ይችላሉ።

ዕቁብ ደረሰኝ። ገቢ ነው?

አይደለም። ዕቁብ የራስዎ ገንዘብ ተጠራቅሞ መመለሱ ነው። 20,000 ዶላር በአንዴ ባንክ ሲገባ ሰው ቢደነግጥ አይገርምም፤ ግን የዕቁቡን ዝርዝርና የከፈሉበትን ማስረጃ ይያዙ። ከዘመድ የተሰጠ ስጦታ፣ ለልጅ ማሳደጊያ የሚመጣ ቻይልድ ሰፖርትና ኤስኤስአይም (ለችግረኛ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የሚሰጠው ድጎማ) አይቆጠሩም።

በተቃራኒው የሚረሱት አሉ። አዲስ አበባ ያለው ቤት ኪራይ፣ ምንም እንኳ ገንዘቡ እዚያው እናት ጋ ቢቀር፣ አሜሪካ ታክስ ለሚከፍል ሰው ገቢ ነው። ከሶሻል ሴኩሪቲ የሚመጣ ጡረታ፣ ታክስ የማይከፈልበት ክፍል እንኳ ሳይቀር፣ ለዚህ ስሌት ሙሉ በሙሉ ይደመራል። ለቤተሰብ በየወሩ የምንልከው ደግሞ ከምንም ላይ አይቀነስም። «ግማሹ ደሞዜ እኮ አገር ቤት ነው የሚሄደው» የሚሉኝ ሰዎች አሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ ፎርሙ ግን አይሰማም።

ቲፕና ኦቨርታይም ከታክስ ነፃ ሆነ ተብሏል፤ ታዲያ ከገቢዬ ላይ ልቀንሰው?

አይቀንሱ። በ2025ቱ ሕግ የመጣው ቅናሽ ታክስ የሚከፈልበትን ገቢ ነው የሚቀንሰው፤ ማርኬትፕሌስ የሚያየው ደግሞ ከዚያ ቅናሽ በፊት ያለውን መስመር ነው። አስተናጋጅ፣ ቫሌ ፓርኪንግ የሚሠራ፣ ነርሲንግ ሆም ውስጥ በሳምንት 60 ሰዓት የሚቆም ሁሉ፣ ቲፑም ኦቨርታይሙም በሙሉ ክሬዲቱን ይነካበታል። ከአዲሶቹ ወጥመዶች ሁሉ የምፈራው ይህን ነው፤ ታክሱ ዜሮ የሆነለት ሰው ከክሬዲቱ በኩል ዕዳ ይመጣብኛል ብሎ አይጠብቅምና።

ባለቤቴ ገና ኢትዮጵያ ነው ያለው። ብቻዬን ታክስ ብሞላ ክሬዲቱ ይነካል?

ይነካል። ያገባ ሰው ለየብቻ ብሎ ታክስ ከሞላ ክሬዲቱ አይገባውም፤ የወሰደውም ቅድሚያ ይመለሳል። ከጥቃት የሸሸ ወይም ባለቤቱ ጥሎት የጠፋ ሰው ልዩ መንገድ አለው፤ በርቀት ምክንያት መለያየት ግን አይቆጠርም። «ሲንግል» ብሎ መሙላት ደግሞ መዋሸት ነው፤ የቤተሰብ ማምጣት ፋይልዎ ላይ «አግብቻለሁ» ብለው ፈርመዋልና።

ሁለት ሕጋዊ መንገድ አለ። ልጅ አብሮዎት የሚኖርና የሚያስተዳድሩት ከሆነ፣ ባለቤትዎ የአሜሪካ ነዋሪ ስላልሆነ ሄድ ኦቭ ሃውስሆልድ (ብቻውን ቤተሰብ የሚያስተዳድር) ብለው ሊሞሉ ይችላሉ፤ ክሬዲቱም ይቀጥላል። ልጅ ከሌለ፣ በፎርም ደብልዩ-7 የታክስ ቁጥር አውጥተውለት አንድ ላይ መሙላት ነው። እንዲህ ሲሆን አዲስ አበባ የሚያገኘው ደሞዝ ይደመራል፤ የቤተሰቡ ቁጥር ግን ሁለት ስለሚሆን መስመሩም ከፍ ይላል። ደሞዙ በብር ሆኖ በዶላር ሲመነዘር አብዛኛውን ጊዜ ሚዛኑ ወደ እርስዎ ያደላል። እሱ ራሱ ግን እዚህ እስኪመጣ ድረስ በኢንሹራንሱ ሊሸፈን አይችልም።

በዲቪ ገና መግባታችን ነው። ገቢያችን ትንሽ ስለሆነ ብዙ ክሬዲት እናገኛለን?

እስከ 2025 መልሱ አዎ ነበር። ግሪን ካርድ ይዞ አምስት ዓመት ያልሞላው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሜዲኬድ ስለማያገኝ፣ ገቢው ከድህነት መስመሩ በታች ቢሆንም እንኳ ክሬዲት ይሰጠው ነበር። ከ2026 ጀምሮ ይህ ቀርቷል። መስከረም ላይ ገብቶ እስከ ታኅሣሥ 8,000 ዶላር ብቻ የሚያገኝ ነጠላ ሰው ለዚያ ዓመት ከ15,650 በታች ስለሆነ ክሬዲት የለውም። ለቀጣዩ ዓመት ግን የሙሉ ዓመት ደሞዙን ገምቶ መመዝገብ ይችላል፤ በዚያኛው ዓመት ይገባዋል። ልጆችና ነፍሰ ጡሮች በብዙ ስቴቶች አምስት ዓመት ሳይጠብቁ ሜዲኬድ ስለሚያገኙ እነሱን መጀመሪያ ያስመዝግቡ።

ጥገኝነት ላገኙና በስደተኝነት ለገቡም በዚያው ሕግ ቀን ተቆርጧል፦ ከጥር 1 ቀን 2027 ጀምሮ ግሪን ካርድ ካልያዙ ገቢያቸው ምንም ቢሆን ክሬዲቱ ይቋረጣል። ለግሪን ካርድ ማመልከት የሚችሉበት አንድ ዓመት የሞላቸው ሰዎች ወረቀቱን ዛሬ ነገ ማለት የለባቸውም።

ኅዳር ላይ ሳሰላው የ400 በመቶውን መስመር ልናልፍ ነው። የሚደረግ ነገር አለ?

አለ። ለዚህ ስሌት ገቢን በሕግ የሚቀንሱ ጥቂት ነገሮች አሉ። መሥሪያ ቤቱ 401-ኬ ካለው የቀሩትን ደሞዞች መዋጮ ከፍ ማድረግ። ትራዲሽናል አይአርኤ (በግል የሚከፈት የጡረታ ቁጠባ) መክፈት፤ ከ50 ዓመት በታች ላለ ሰው በ2026 እስከ 7,500 ዶላር ነው፣ ለ2026 የሚቆጠረውንም እስከ ሚያዝያ 15 ቀን 2027 ማስገባት ይቻላል። ይኸኛው ይበልጥ የሚመቸው በሥራው የጡረታ ፕላን ለሌለው ሰው ነው፤ ላለው ቅናሹ በገቢ መጠን ይገደባል። ሮዝ አይአርኤ ግን ለዚህ አይጠቅምም። ከ2026 ወዲህ በማርኬትፕሌስ የተገዛ ብሮንዝ ፕላን ሁሉ ኤችኤስኤ (ለሕክምና ወጪ የሚቆጠብበት አካውንት) ለመክፈት ይፈቅዳል፤ ለቤተሰብ እስከ 8,750፣ ለአንድ ሰው እስከ 4,400 ዶላር።

85,000 ላይ የቆሙት ባልና ሚስት መጋቢት ላይ አካውንታንት ጋ ቁጭ ብለው 500 ዶላር አይአርኤ ውስጥ ቢያስገቡ ገቢያቸው 84,500 ይሆናል፤ ክሬዲታቸውም ይመለሳል። የኡበር ነጂው የራሱ ፕሪሚየም ቅናሽም አለ፤ እሱ ግን ከክሬዲቱ ጋር እየተሽከረከረ ስለሚሰላ በወረቀትና በእርሳስ አይሞክሩት። አካውንታንቱ ሶፍትዌሩ እንደሚሠራው ይጠይቁት፤ ካልሠራው ሌላ አካውንታንት ይፈልጉ።